ሣጥኑ ላይ የተጻፈው ዋት

ለሚ የእንሳሮ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚወጣው መንገድ ወደ ጀማ ሸለቆ ቁልቁል ከመውረዱ በፊት የሚያገኛት፣ ወደ መርሐቤቴ የሚሻገር መንገደኛ ሁሉ የሚያልፍባት የሰሜን ሸዋ ከተማ። ዛሬ ስሟ ሲነሳ ቀድሞ ትዝ የሚለው ሲሚንቶ ነው። በመስከረም 2017 ዓ.ም የተመረቀው ለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካ 600 ሚሊዮን ዶላር የፈሰሰበት፣ በቀን 150 ሺህ ኩንታል እንዲያመርት የታቀደ ነው። ይህን ቁጥር ወደ ኤሌክትሪክ እንመንዝረው። ዘመናዊ የሲሚንቶ ፋብሪካ ድንጋዩን ለመፍጨት፣ ምድጃውን ለማዞር፣ አየሩን ለመንፋት ለአንድ ቶን ሲሚንቶ በግምት ከ80 እስከ 100 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። 150 ሺህ ኩንታል 15 ሺህ ቶን ነው። እንግዲህ ፋብሪካው በሙሉ ዐቅሙ ከሠራ ሌት ተቀን ከ50 እስከ 62 ሜጋ ዋት የሚደርስ ኃይል ይፈልጋል ማለት ነው። በ1952 ዓ.ም የተመረቀውና በዘመኑ የአገር ኩራት የነበረው የቆቃ ማመንጫ ጠቅላላ ዐቅሙ 43.2 ሜጋ ዋት ነበር። በአንዲት የወረዳ ከተማ አጠገብ የቆመ አንድ ፋብሪካ ቆቃን ብቻውን ጨርሶ ገና ይጎድለዋል።

ይህ ጽሑፍ ግን ስለ ሲሚንቶ አይደለም። ስለ አንዲት ትንሽ የብረት ሣጥን ነው፤ ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጣ የግድግዳውን 220 ቮልት ወደ 12፣ ወደ 5 እና ወደ 3.3 ቮልት የምትለውጠው ፓወር ሳፕላይ። በተለይም ሁለት ግራፊክስ ካርድ ለሚሸከም የጌም ኮምፒውተር ይህች ሣጥን እንዴት ትመረጥ የሚለው ጥያቄ ነው የያዘኝ። ከለሚ የጀመርኩት ጥያቄው አንድ ስለሆነ ነው። ይህ ዕቃ ስንት ይበላል፣ የሚያበላውስ ስንት ይችላል ብሎ መጠየቅ በዚህ አገር ከመቶ ዓመት በላይ ታሪክ አለው። የእኔ ክርክር ከዚያ ታሪክ የተነሳ ነው፦ የኃይል ምንጭ ዐቅም ላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር አይደለም። ዐቅሙ በክፉዋ ቅጽበት፣ ጭነቱ ሁሉ አንድ ላይ ሲነሳና ግብአቱ ሲደክም ሳይናወጥ የሚሰጠው መጠን ነው። ሁለት ካርድ የሚሰካ ሰው ደግሞ ያችን ክፉ ቅጽበት በገዛ እጁ የሚጠራት ነው።

ኤሌክትሪክን ወደ ኢትዮጵያ ያስገቡት ዐፄ ምኒልክ የዚሁ የሰሜን ሸዋ ልጅ ናቸው፤ የተወለዱት በአንጎለላ ነው። በአቅራቢያው ያለችው ደብረ ብርሃን ደግሞ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰማይ ላይ ከታየ ብርሃን ተነስተው ስሟን እንዳወጡላት ይተረካል። የብርሃን ደብር የሚል ስም የያዘች ከተማ የአምፖል ብርሃን ለማየት ግን ብዙ ዘመን መጠበቅ ነበረባት። የመጀመሪያው ጄኔሬተር የተተከለው በ1890 ዓ.ም አካባቢ በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ነው፤ ሥራውም ግቢውን ማብራት ነበር። ቀጥሎ በአቃቂ ወንዝ ላይ አነስተኛ የውኃ ኃይል ማመንጫ ተሠራ፤ እሱም በከተማዋ ለተከፈቱት ጥቃቅን ፋብሪካዎች ታስቦ ነው። ከዚያ 6.6 ሜጋ ዋት ያለው አባ ሳሙኤል መጣ። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1940 ዓ.ም የሸዋ ኤሌክትሪክ ኃይል የሚባል ድርጅት ተቋቋመ፤ በ1948 ዓ.ም ስሙ ወደ ኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ተለወጠ፤ ሕዝቡም እስከ ዛሬ በአጭሩ መብራት ኃይል ይለዋል። በጣሊያን የጦር ካሣ የተሠራው ቆቃ የተነሳው ከዚህ በኋላ ነው። በዚህ ቅደም ተከተል ውስጥ የሚታየኝ አንድ ጤናማ ልማድ አለ። መጀመሪያ የሚበላው ይቆጠራል፣ ከዚያ የሚያበላው ይመረጣል። የቤተ መንግሥቱ ጄኔሬተር የተተከለው ለታወቀ ሥራ፣ ግቢውን ለማብራት ነው። በ1950ዎቹ ማለቂያ ደብረ ብርሃን ላይ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሲተከልም ማሽኑን የሚያዞረው ኃይል ከማሽኑ ጋር መታሰብ ነበረበት። ዛሬ ኮምፒውተር የሚያሠራ ወጣት ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦ፣ ካርዶቹን ከገዛ በኋላ በተረፈው ብር ፓወር ሳፕላይ ሲፈልግ ይታያል።

ሁለተኛው የታሪክ ትምህርት የበለጠ መራራ ነው። የተጻፈ ዐቅምና የደረሰ ኃይል የተለያዩ መሆናቸውን ይህ አገር በጨለማ ተምሮታል። በ2001 ዓ.ም ውኃ ሲጎድል መብራት በፈረቃ ሆነ፤ አንድ ቀን ይመጣል፣ አንድ ቀን ይጠፋል። ማመንጫዎቹ አልፈረሱም፤ ቁጥራቸውም በመዝገብ ላይ እንደተጻፈ ነበር፤ የጎደለው የሚያዞራቸው ውኃ ነው። በጥር 2002 ዓ.ም 420 ሜጋ ዋት ያለው ጊቤ ሁለት ተመረቀ፤ በቀናት ውስጥ 26 ኪሎ ሜትር ከሚረዝመው ዋሻው ከፊሉ ተደርምሶ ለወራት ቆመ። የማመንጫው ተርባይኖች ደህና ነበሩ፤ ወደ እነሱ ውኃውን የሚያደርሰው መስመር ግን ተቆረጠ። በ2011 ዓ.ም ግንቦት 1,870 ሜጋ ዋት የተጻፈበት ጊቤ ሦስት ውኃው ዝቅ ሲል ፈረቃ እንደገና ተመለሰ። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ እንኳ በዚህ ዓይን ሊነበብ ይገባዋል። 5,150 ሜጋ ዋት የ13ቱ ተርባይኖች ጣሪያ ነው። በዓመት ይመነጫል የተባለው 15,760 ጊጋ ዋት ሰዓት ለዓመቱ ሰዓቶች ሲካፈል በአማካይ 1,800 ሜጋ ዋት አካባቢ ይሆናል። ይህ ግድቡን ማሳነስ አይደለም፤ ጣሪያና አማካይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ማወቅ ነው። መሐንዲሶቹ ሁለቱን ቁጥሮች ለይተው ይጽፋሉ። ርካሽ ፓወር ሳፕላይ የሚያመርተው ግን ጣሪያውን ብቻ በትልቅ ፊደል አትሞ ዘላቂውን ይደብቃል፤ አንዳንዱም ጣሪያ ብሎ የጻፈውን ለአንድ ደቂቃ እንኳ አይችለውም።

ቤተሰቡ በበኩሉ ከዚህ ታሪክ የራሱን ልማድ አበጀ። ሶኬት በቀጥታ አይታመንም። ፍሪጅ ሲገዛ ስታብላይዘር አብሮ ይገዛል። መብራት ሲሄድ እናት ልጆቿን ሁሉን ንቀሉ ትላለች፤ ሲመለስ በኃይል እንደሚመጣ ታውቃለችና። ከአሜሪካ በዘመድ እጅ የመጣ ዕቃ 110 መሆኑና አለመሆኑ ሳይጣራ አይሰካም፤ ይህንንም ብዙ የተቃጠለ ዕቃ አስተምሮታል። የቀድሞዎቹ ኮምፒውተሮች ከኋላቸው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ነበራቸው። 115 ላይ እንደቆመ 220 ሶኬት ላይ የተሰካ ሳፕላይ በፍንዳታና በጭስ ይሰናበታል። ስለዚህ በአገራችን የኮምፒውተር ጥገና ሥራ ከጅምሩ በብዙው የሳፕላይ ጥገና ሆነ፤ የሞተ ኮምፒውተር ሲመጣ ባለሙያው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሳፕላዩን ነው፤ ሣጥኑን ከፍቶም መጀመሪያ የሚያየው ካፓሲተሩ ማበጡን ነው። ይህ ጥርጣሬ በልምድ የተገኘ እውቀት ስለሆነ ሊከበር ይገባዋል። ዛሬ የት ላይ ይሠራል፣ የት ላይ አይሠራም የሚለውን ግን መለየት ያስፈልጋል።

የሣጥኑን የራሱን ታሪክ እናንሳ። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው የመጀመሪያው ፒሲ ሳፕላዩ 63.5 ዋት ነበር፤ ከአንድ የድሮ አምፖል ብዙም አይበልጥም። በ1983 የወጣው ኤክስቲ ወደ 130፣ በ1984 የወጣው ኤቲ ወደ 192 ዋት ከፍ አለ። ኢንቴል በ1995 ኤቲኤክስ የተባለውን ደረጃ አወጣ፤ የዛሬዎቹም የዚያ ልጆች ናቸው። በዚያ ዘመን አብዛኛው ጭነት በ5 እና በ3.3 ቮልቱ መስመር ላይ ነበር። ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ እያደጉ ሲሄዱ ጭነቱ ወደ 12 ቮልቱ መስመር ተሻገረ፤ አሮጌው አሠራር ግን በርካሹ ገበያ ውስጥ ቀረ። ሁለት ካርድ የማጣመር ሐሳብ በጌም ዓለም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1998 ስሪዲኤፍኤክስ የተባለው ኩባንያ ቩዱ 2 የሚባለውን ካርድ ሲያወጣ ነው፤ አንዱ ካርድ የምስሉን አንድ መስመር፣ ሌላው ቀጣዩን እየሣለ ሥራውን ይካፈላሉ። ኤንቪዲያ የዚያን ኩባንያ ንብረት ገዝቶ በ2004 ኤስኤልአይ የሚለውን ስም በራሱ መንገድ መለሰው፤ ኤቲአይ በተከታዩ ዓመት ክሮስፋየርን ይዞ ቀረበ። ከዚያ ወዲያ ያለው የዋት ሩጫ ነው። በ2014 ኤኤምዲ ሁለት ቺፕ በአንድ ሰሌዳ ላይ የያዘ፣ ብቻውን 500 ዋት የሚበላ ካርድ አወጣ። ከ63.5 ዋት ተነስቶ እዚህ ለመድረስ 33 ዓመት ብቻ ፈጀ።

አሁን ስሌቱ። ባገለገለ ዕቃ ገበያ የሚገኝና ሁለቱን ማጣመር የሚቻል አንድ ካርድ ለምሳሌ እንውሰድ፤ በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው ጂቲኤክስ 1080 ቲአይ። አንዱ 250 ዋት ይበላል፤ ሁለቱ 500። ጠንካራ ፕሮሰሰር በሥራ ላይ እስከ 150 ይደርሳል እንበል። ሰሌዳው፣ ሜሞሪው፣ ዲስኩና ማራገቢያው 75 ይጨመር። ድምሩ 725 ዋት ነው። ከዚህ ውስጥ 650 ያህሉ የሚመጣው ከ12 ቮልቱ መስመር ነው፤ ለ12 ሲካፈል 54 አምፒየር ገደማ። የሣጥኑ ጎን ላይ ያለው ሠንጠረዥ የሚነበበው እዚህ ላይ ነው። በትልቁ 700 ዋት ተጽፎ በ12 ቮልቱ ረድፍ 30 አምፒየር ብቻ ካለ፣ ለካርዶቹና ለፕሮሰሰሩ የቀረበው 360 ዋት ነው፤ ቀሪው ማንም በማይፈልገው በ5 እና በ3.3 ቮልቱ መስመር ላይ ተቀምጧል። ይህ የጊቤ ሁለት ታሪክ ነው፤ ማመንጫው አለ፣ ውኃው ወደሚፈለግበት አይደርስም። የማድረሻው ነገር በኬብሉም ላይ ይደገማል። ካርዱ የሚሰካበት ማስገቢያ 75 ዋት ይሰጣል፤ ባለ 6 ቀዳዳው ሶኬት ሌላ 75፣ ባለ 8ቱ 150 ዋት እንዲያደርስ ተወስኗል። ለያንዳንዱ ሶኬት ከሳፕላዩ የሚነሳ የራሱ ኬብል መዘርጋት ትክክለኛው መንገድ ነው። በአንድ ኬብል ጫፍ ላይ ሁለት ሶኬት የተንጠለጠለበት፣ ወይም ከዲስክ ኬብል በአዳፕተር የተጠለፈ መስመር፣ ቀጭን ሽቦ ላይ ወፍራም ጭነት መጫን ነው። ክሪፕቶ ለማምረት ብዙ ካርድ በአንድ ላይ ይደረድሩ የነበሩ ሰዎች ይህን በቀለጠ ሶኬት ተምረውታል፤ የዲስክ ኬብል ሶኬት በ12 ቮልት 54 ዋት እንዲሸከም ብቻ የተሠራ ነውና።

725 ዋት ከሆነ ለምን 750 አይበቃም ይባል ይሆናል። ወደ ለሚ ፋብሪካ እንመለስ። ትልቅ ሞተር ከቆመበት በቀጥታ ሲነሳ ከመደበኛው አምፒየር አምስትና ስድስት እጥፍ ለአፍታ ይስባል፤ ስለዚህ ፋብሪካ ሞተሮቹን በማስነሻ መሣሪያ እያለዘበ፣ ተራ በተራ ያስነሳል። የገጠር ከተማ ነዋሪ ይህን ያለ መሐንዲስ ያውቀዋል፤ ወፍጮ ቤቱ ሲነሳ የሰፈሩ አምፖል ይደበዝዛል። ግራፊክስ ካርድም እንዲሁ ነው። 250 ዋት የሚባለው አማካይ ነው፤ በሰከንድ ሺሕኛና ከዚያም ባነሰ ቅጽበት ፍላጎቱ ከዚያ በብዙ ይዘላል። ሁለት ካርድ አንድ ሥዕል ሲካፈል ደግሞ ዝላዮቹ ሊገጣጠሙ ይችላሉ፤ ሁለት ወፍጮ በአንድ ደቂቃ እንደሚነሳ። ጌሙ ሲደምቅ ኮምፒውተሩ ድንገት ጠፍቶ እንደገና የሚነሳው ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው፤ የሳፕላዩ መከላከያ ዝላዩን አጭር ዙር መስሎት ይቆርጠዋል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ኤቲኤክስ 3.0 ትልልቆቹ ሳፕላዮች ከተጻፈባቸው ዋት ሁለት እጥፍ የሚደርስ ዝላይ ለ100 ማይክሮ ሰከንድ እንዲችሉ የጠየቀው ይህን አይቶ ነው። ለሁለቱ 1080 ቲአይ 1,000 ዋት የምለው ከዚህ ተነስቼ ነው። ጭነቱ ከሣጥኑ ሦስት አራተኛ በታች ይውላል፣ ለዝላይ ቦታ ይተርፋል፣ ማራገቢያውም አይጮኽም።

ታዲያ ለምን ትልቁን ገዝቶ አይገላገልም? 1,600 ዋት ይገዛና ነገሩ ይለቅ የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ሐሳባቸውም ከንቱ አይደለም። ጥሩ 1,600 ከመጥፎ 1,000 ይሻላል። ነገር ግን ሰውየው በተወሰነ ብር ነው የሚገዛው፤ በዚያው ብር የሚገኘው 1,600 ብዙውን ጊዜ መጥፎው 1,600 ነው። 80 ፕላስ የሚለው ማኅተምም ብቻውን አያድንም። ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው ይህ ማረጋገጫ ከግድግዳ ከተወሰደው ኃይል ስንት እጅ ወደ ኮምፒውተሩ እንደደረሰ፣ ስንቱስ ሙቀት ሆኖ እንደባከነ ይመዝናል። ቮልቴጁ መርጋቱን፣ መከላከያው መሥራቱን፣ ካፓሲተሩ ዕድሜ መኖሩን አይመዝንም። ማኅተሙ የሐቀኝነት ምልክት ሊሆን ይችላል፤ የጥንካሬ ምስክር ግን አይደለም።

የሚበልጠው ክርክር ከግድግዳው ወዲያ ነው። 725 ዋት የሚበላ ኮምፒውተር በሳፕላዩ ውስጥ ከሚባክነው ጋር ከግድግዳ 800 ዋት ገደማ ይስባል። ይህ በአበሻ ቤት ሚዛን ትልቅ አይደለም፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይበላል። ችግሩ ሁለቱ በአንድ መስመር ላይ ሲገናኙ ነው። 16 አምፒየር ብሬከር በ220 ቮልት የሚችለው 3,500 ዋት ያህል ነው፤ ምጣዱ ብቻውን ይሞላዋል። ከአከራይ ቆጣሪ በቀጭን ሽቦ ተቀጥሎ በመጣ መስመር ላይ፣ በአንድ ዲቫይደር ኮምፒውተሩን፣ ማያውንና ምድጃውን ሰክቶ፣ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ጌም የሚጫወት ሰው በፓወር ሳፕላዩ ላይ ያወጣው ብር አያድነውም። ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ሽቦው ይግላል፣ ሶኬቱ ይጠቁራል። ስለዚህ ለሁለት ካርድ ኮምፒውተር ፓወር ሳፕላይ መምረጥ የሚጀምረው ኮምፒውተር ቤት አይደለም፤ ቆጣሪው ሥር ነው።

እዚህ ላይ የስታብላይዘር ወገን ይነሳል። ስንት ዓመት ዕቃችንን ያዳነ ልማድ እንዴት ይተዋል ይላል። መልሴ ሁለት ክፍል አለው። ዛሬ የሚሸጠው ጥሩ ፓወር ሳፕላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ያለውን ሁሉ በራሱ ይቀበላል፤ ቀዩ ማብሪያም ቀርቷል። ግድግዳው ወደ 170 ቢወርድ ይህ ሣጥን ተጨማሪ አምፒየር ስቦ 12 ቮልቱን ሳያናውጥ ይሰጣል። ቀጭ ቀጭ የሚለው ርካሽ ስታብላይዘር ደግሞ በየመቀያየሩ መስመሩን ለአፍታ ያቋርጣል፣ ላዩ ላይ የተጻፈውም ቁጥር እንደ ሳፕላዩ ሁሉ ብዙ ጊዜ የተጋነነ ነው። ስለዚህ ለቮልቴጅ ማነስ ሲባል ብቻ ለእንዲህ ያለ ኮምፒውተር ስታብላይዘር መግዛት አላስፈላጊ ነው እላለሁ። ሁለተኛው ክፍል ግን የልማዱን እውነት ይቀበላል። ቮልቴጅ ሲበዛ፣ መስመር ሲነካካ ወይም ኃይሉ ሲመለስ ዘልሎ ሲመጣ፣ ሳፕላዩ ብቻውን አይቋቋመውም። ከፍ ያለውን ቆርጦ፣ መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚለቅ መከላከያ ዋጋ አለው። እናት ንቀሉ ማለቷ ትክክል ነበር፤ ዛሬም ትክክል ነው።

መቆራረጡስ? ደረጃውን የጠበቀ ሳፕላይ መብራት ከጠፋ በኋላ ለ17 ሚሊ ሰከንድ ያህል በካፓሲተሩ ውስጥ ባለው ብቻ ኮምፒውተሩን ያቆያል። የእኛ መስመር በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ አንድ ዙሩ 20 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ የሳፕላዩ ትዕግሥት አንድ ዙር እንኳ አይሞላም። ተራ ዩፒኤስ ወደ ባትሪው ለመዞር ከ4 እስከ 10 ሚሊ ሰከንድ ስለሚወስድበት በዚህች ጠባብ በር ያልፋል፤ ርካሹ ሳፕላይ ግን ካፓሲተሩን ስለሚያሳንስ በሩ ይዘጋል፣ ዩፒኤስ እያለም ኮምፒውተሩ ይጠፋል። ብዙ ሰው ዩፒኤሱን ይወቅሳል። በየቢሮው የሚታየው 650 ቪኤ ዩፒኤስ ደግሞ በዋት ከ400 በታች ነው፤ 800 የሚስብ ኮምፒውተር ሲሰካበት ተንጫጭቶ ይቆማል። ቪኤ እና ዋት አንድ የሚመስሉት ሰው ሁለት ጊዜ ይከስራል።

ስለ ደጋው አንድ ነገር መባል አለበት፤ ከውጭ በሚመጣ መመሪያ ውስጥ አይገኝምና። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት። በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር ሩብ ያህል ይሳሳል፤ ማራገቢያ የሚነፋው አየር ሙቀት ተሸክሞ የመውጣት ጉልበቱ በዚያው ይቀንሳል። ትራንስፎርመርና ሞተር የሚሠሩ ሰዎች ይህን ከድሮ ያውቁታል፤ ዓለም አቀፉ ደረጃ የማሽን ዐቅም የሚለካው እስከ 1,000 ሜትር ላለ ከፍታ ነው ይላል፤ ከዚያ በላይ ሲወጣ ወይ ዐቅሙ ዝቅ ተደርጎ ይቆጠራል፣ ወይ ማቀዝቀዣው ይጨመራል። ብርዱስ ይላል ተከራካሪ፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ለማሽን አይመችም እንዴ? ይመቻል፤ የክፍሉ ሙቀት በ10 ዲግሪ ማነሱ የአየሩን መሳሳት አብዛኛውን ይክሳል። ይህ ግን መስኮቱ ለተከፈተ ክፍል ነው። ብርዱን ሽሽት ተዘግቶ፣ አሥር ኮምፒውተር በተደረደረበት ጌም ቤት ውስጥ ብርዱ ውጭ ቀርቶ ስሱ አየር ብቻ ይገባል። በእንዲህ ያለ ቤት የሚውል ሳፕላይ ቢያንስ አንድ ደረጃ ከፍ ተደርጎ መመረጥ አለበት።

በመጨረሻ ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ፦ ሁለት ካርድ ማጣመር ሞቶ የለም ወይ? በጌሙ በኩል እውነት ነው። ኤንቪዲያ ከ2021 እ.ኤ.አ. መግቢያ ጀምሮ ለአዳዲስ ጌሞች የኤስኤልአይ ማስተካከያ መሥራት አቁሟል፤ ማጣመሪያ ካላቸው የመጨረሻዎቹ የጌም ካርዶቹ አንዱ 350 ዋት የሚበላው አርቲኤክስ 3090 ነው፤ ተከታዩ 4090 ማጣመሪያ የለውም። ነገር ግን ዋቱ አልሞተም። ያ 4090 ብቻውን 450፣ እሱን የተካው 5090 ደግሞ 575 ዋት ይበላሉ፤ የ2014ቱን ባለ ሁለት ቺፕ ካርድ አንድ ቺፕ ብቻውን አለፈው። ሁለትና ከዚያ በላይ ካርድ መደርደርም ከጌም ወጥቶ ወደ ቪዲዮ አቀናባሪው፣ ወደ ሕንፃ ነዳፊውና ሰው ሠራሽ አስተውሎት ወደሚያሠለጥነው ተማሪ ተሸጋገረ። እነዚህ ሥራዎች ደግሞ ከጌም ይከብዳሉ፤ ጌም ይነሳል ይወድቃል፣ እነሱ ግን ካርዶቹን ለሰዓታት በሙሉ ጭነት ይይዟቸዋል። ሁለት 3090 ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚተክል ሰው ካርዶቹ ብቻ 700፣ ከሌላው ጋር ከ900 ዋት ያልፍበታል፤ 1,300 ዋት መነሻው ነው፣ 1,600ም እዚህ ቅንጦት አይደለም።

ስለዚህ ለሚም ሁኑ ደብረ ብርሃን፣ አዲስ አበባም ሁኑ፣ ሻጩ ስንት ዋት ትፈልጋለህ ብሎ ሲጠይቃችሁ ቁጥር ከመጥራታችሁ በፊት ሣጥኑን ገልብጣችሁ ሠንጠረዡን አንብቡ። ለሁለት 1080 ቲአይ በ12 ቮልቱ ረድፍ ከ80 አምፒየር ያላነሰ፣ ለካርዶቹ ከሳፕላዩ በየራሳቸው የሚነሱ አራት ኬብሎች፣ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል ግብአት ይኑረው። ቤታችሁ ስትገቡ ኮምፒውተሩን ከምጣዱ መስመር ለዩት። ይህን የሚያሟላ ሳፕላይ ካላገኛችሁ ወይም ብሩ ካልደረሰ፣ ሁለተኛውን ካርድ አትግዙ።